በመንደራችን መግቢያ የተሰቀለች ዜሮ

ሴፕቴምበር 8፣ ሰኞ

ተሳካ። የዶክተር ጉክ ቡድን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ አንድ ፔታ ቢት አሳለፈ። በዓለም አንደኛ ነን። ተቋሙ በሙሉ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ይሳሳቃል፤ ዘበኛው ሳይቀር። እኔ ብቻ ተቀምጫለሁ፤ መግለጫው ነገ በማለዳ ጋዜጦች ዘንድ መድረስ አለበትና።

አቶ ታክ፣ የሕዝብ ግንኙነት አለቃዬ፣ ከወንበሬ ኋላ ቆሞ «ቶሎ ቶሎ» ይላል። (በዚህ ደብተር ውስጥ አንቱ አልለውም። ቢሮ ቀኑን ሙሉ ስለው እውላለሁ፣ ይበቃዋል።) ረቂቁን አይቶ፣ ፔታ የመድኃኒት ስም ይመስላል፣ ሰው በሚገባው በአገራችን ቁጥር አድርጊው አለኝ። አደረግሁት። ፈረንጆች ቴራ የሚሉት በእኛ በኮሪያ አቆጣጠር አንድ ጆ ነው። ከቴራ ቀጥሎ ፔታ ይመጣል፤ ከጆ ቀጥሎ ግዮንግ። ስለዚህ ፔታን ከነአካቴው አወጣሁና «በሴኮንድ አንድ ግዮንግ ቢት» ብዬ ጻፍኩ። ሳየው ደስ አለኝ። ግዮንግ የሚባለውን ቁጥር ሰው ስሙን ያውቀዋል እንጂ አግኝቶት አያውቅም።

ለዶክተር ጉክ ላሳያቸው ወደ ቤተ ሙከራው ወረድኩ። ሦስት ወንበር ገጥመው፣ ጫማቸውን አውልቀው ተኝተዋል። አንዱ ካልሲያቸው ተረከዙ ላይ ተቀዷል። ረዳታቸው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። አልቀሰቀስኳቸውም።

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

ሁሉም ጋዜጣ። ሁሉም ቴሌቪዥን። «አንድ ግዮንግ»። ሚኒስትሩ በምሳ ሰዓት ዜና ላይ ቃሏን ሲሏት አመልካች ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ። የታክሲው ሾፌር ጎረቤት አገሮችን አንድ በአንድ በስም ጠርቶ «አሁን ያልቅሱ» አለኝ። እኔም «ያልቅሱ» አልኩ።

ማታ የመሥሪያ ቤት እራት ነበር። አቶ ታክ ከአሳማ ሥጋ ወደ በሬ አሳደገን። መጀመሪያ የበሰለችውን ቁራጭ በራሱ መቆንጠጫ አንሥቶ ሳህኔ ላይ አኖረልኝ፤ አብሬው ከሠራሁ ጀምሮ አድርጎት አያውቅም። «ግዮንግ ያንቺ ቃል ነች» አለኝ። ስንት መለኪያ ሶጁ እንደጠጣሁ አልጽፍም።

ሴፕቴምበር 13፣ ቅዳሜ

እናቴ ከአገር ቤት ከግዌሳን ደወለች። በምስል ካልሆነ አታወራም። እንደ ልማዱ መሐል ላይ ምስሏ አፏን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ፤ ድምፅዋ ግን ይመጣል። የመንደራችን ሹም አቶ ዮም በመንደሩ መግቢያ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው በላይ፣ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ጨርቅ አሰቅለዋል አለችኝ። የመንደር ልጅ ዳኛ ሲሆን ወይ ትልቅ ፈተና ሲያልፍ የሚሰቀለው ዓይነት ነው። አብሮ አደጎቼ ሁሉ ስማቸው እዚያ ተሰቅሎ ወርዷል። እናቴ የጎመን ጆንያዋን ይዛ በሌላ ሰው ልጅ ስም ሥር ቆማ አውቶቡስ ስትጠብቅ ነው የኖረችው።

ምን ይላል አልኳት። አነበበችልኝ፤ «እንኳን ደስ ያለን! የኦክ ቤት ልጅ ኦክ ሀሪም የዓለምን ፈጣን ኢንተርኔት ሠራች፤ በሴኮንድ አንድ ግዮንግ!»

እኔ እኮ አልሠራሁትም፣ ስለ እሱ ጻፍኩ እንጂ፣ አልኳት።

«የጻፈችው ካልሠራችው ታዲያ ማን ሠራው?» አለች። አፏ አሁንም እንደተከፈተ ነው። «ደግሞ ስምሽን በቀይ ሊጽፉት ነበር። ልጄ ሞታለች ወይ፣ የሙት ስም ነው በቀይ የሚጻፈው ብዬ ቆሜ በሰማያዊ አስቀየርኩ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ አለቀስኩ። የደስታ ነው።

ሴፕቴምበር 16፣ ማክሰኞ

ከቤቴ ሥር ያለው ዶሮ ጠባሽ ስሙን «ግዮንግ ዶሮ» ብሎ ቀይሯል። አዘዝኩ። በቴሌቪዥን የማየው የኳስ ጨዋታ ካለቀ በኋላ ደረሰ፤ ቀዝቅዟል። ያመጣው ልጅ ስለ መዘግየቱ ምንም ሳይል «አገራችን አንደኛ ነች» ብሎ ሄደ።

ሴፕቴምበር 18፣ ሐሙስ

አንዲት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ መልእክት ልካለች። ልጆቹ ቁጥሩን በሰሌዳው ላይ በሙሉ ሊጽፉት ፈልገዋል፤ ስንት ዜሮ አለው? ደስ የሚል ጥያቄ ነው ብዬ ወዲያው ልመልስላት ወረቀት አወጣሁ።

እኛ ለቁጥር ስም የምናወጣው በእልፍ ነው፤ አራት ዜሮ በተጨመረ ቁጥር አዲስ ስም ይመጣል። ፈረንጆች በሺህ ነው፤ በየሦስት ዜሮው። ቴራና ጆ አሥራ ሁለተኛው ዜሮ ላይ ይገናኛሉ፣ ሰላም ይባባላሉ፣ ከዚያ መንገዳቸው ይለያያል። ፔታ አሥራ አምስት ዜሮ ነው። ግዮንግ አሥራ ስድስት።

እንደገና ቆጠርኩ።

እውነቱ አንድ ሺህ ጆ ነው። እኔ የጻፍኩት ግዮንግ አሥር ሺህ ጆ ነው። ፍጥነቱን በአሥር አባዝቼዋለሁ። ረቂቁ ላይ የፈረሙት ኃላፊዎች ሁሉ አሳልፈውታል፤ እነሱም እንደ እኔ ግዮንግን አግኝተውት አያውቁም።

ለአስተማሪዋ «አጣርተን እናሳውቃለን» ብዬ መለስኩ።

ሴፕቴምበር 19፣ ዓርብ

ምሳ ላይ በአኩሪ አተር ቆጠርኩ። አሥራ አምስት። ባቡር ውስጥ በጣቴ። አሥራ አምስት።

ለአቶ ታክ ሰኞ እነግረዋለሁ።

ሴፕቴምበር 22፣ ሰኞ

አቶ ታክ ለስብሰባ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሶል ሄዷል። ነገ።

ሴፕቴምበር 25፣ ሐሙስ

ነገርኩት። በሩን ዘጋ። ዜሮዎቹን ወረቀት ላይ ደረደርኩለት፤ ብዙ አያቸው።

«የተረፈችው ይቺ አንዷ ዜሮ ናት?»

«አንዷ ናት።»

«ዜሮ ማለት ደግሞ ባዶ ማለት ነው።»

«መጨረሻ ላይ ስትቀመጥ ግን ባዶ አይደለችም፣ አቶ ታክ።»

ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ሚኒስትሩ በአፋቸው ብለውታል አለኝ፤ ከሚኒስትር አፍ የወጣን ነገር ማን ይመልሳል። ደግሞ ማን ተጎዳ? በግዮንግ ፍጥነት ፊልም ላውርድ ብሎ ከበራችን የመጣ ሰው የለም። ሕዝቡ ደስ ብሎታል። አቧራው ሲሰክን በጥግ በኩል እናስተካክለዋለን። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ ረቂቁ ላይ መጀመሪያ ያለው ስም የማን ነው አለኝ።

የእኔ ነው።

«እንግዲያው ዝም በይ የምልሽ ለራስሽ ብዬ ነው» አለ።

እኔ ግን ዝም የምለው ለራሴ ብዬ አይደለም። ለዶክተር ጉክ ብዬ ነው። ሽማግሌው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸዋል፤ በሆነ ባልሆነው ለምን ላስጨንቃቸው።

ኦክቶበር 1፣ ረቡዕ

አስተማሪዋ እንደገና ጻፈች። የሰሌዳው ግማሽ ለቁጥሩ ተብሎ ባዶ ተትቷል፤ ልጆቹ ይጠብቃሉ። አልመለስኩላትም። በዓል ደርሷል፣ ሥራ በዝቷል።

ኦክቶበር 6፣ ሰኞ፣ የመኸር በዓል። ግዌሳን

ጨርቁ ከአውቶቡሱ መስኮት ገና ከድልድዩ ማዶ ይታያል። ነፋስ ሲመታው ስሜ ይወፍራል፣ ይከሳል። ግዮንግ የምትለው ቃል ግን በእኩል ተወጥራለች፣ ንቅንቅ አትልም። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና ስሜን ጠርቶ ጎንበስ አለልኝ።

ጠዋት አባቴ መቃብር ላይ ሣሩን አጭደን፣ ፍሬና ሩዙን አቅርበን ሰገድን። እናቴ ቁጥሩን ለአባቴ ነገረችው፤ ጮክ ብላ፣ በሕይወት ሳለ ጆሮው ይከብድ ነበርና። «በሴኮንድ አንድ ግዮንግ! ያንተ ልጅ!» ከወዲያኛው ኮረብታ ሌላ ቤተሰብ ቀና ብሎ አየን።

ከሰዓት አቶ ዮም መጡ። የቤታቸው ኢንተርኔት በየማታው ይቆማል፤ «አንቺ የሠራሽው ስለሆነ ያውቅሻል» አሉኝ። ተከተልኳቸው፤ ከኋላዬ ግማሹ መንደር። የኢንተርኔቱ ሳጥን ከሩዝ ማብሰያው ኋላ በበርበሬ ጆንያ ተሸፍኖ ይግላል። ጆንያውን አነሣሁ፣ ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። መሥራት ጀመረ።

«ግዮንግ ማለት ይሄ ነው» አሉ አቶ ዮም ለተሰበሰበው ሰው።

እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። ወገቧን የሚያማት ሰው አትመስልም፤ ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው። እንደዚያ ሆና ያየኋት አባቴ ሳይሞት ነበር። ለእሷስ በየት በኩል ነው የሚነገረው።

ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ

ጃፓኖች አዲስ ክብረ ወሰን አስመዘገቡ። በሴኮንድ ሁለት ፔታ ቢት፤ ማለትም የእኛ እጥፍ። የእኛ ጋዜጦች እነሱን በትክክል ሁለት ሺህ ጆ አሏቸው፤ ከእኔ ግዮንግ ጋር አስተያዩና «ጃፓን ብትሮጥ ብትሮጥ አንድ አምስተኛችን» ብለው ጻፉ። አቶ ታክ በክፍላችን መልእክት መለዋወጫ ላይ ሆዱን ይዞ የሚስቅ የድብ ሥዕል ላከ። ሁላችንም ድብ መለስን። እኔም መለስኩ።

ከምሳ በኋላ ዶክተር ጉክ የተጠበሰ ስኳር ድንች በወረቀት ከረጢት ይዘው ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። ከቤተ ሙከራቸው ወጥተው ወደ እኛ ፎቅ ሲመጡ አይቼ አላውቅም። የጃፓኑ ቡድን መሪ ዶክተር ሺራታ የድሮ ወዳጃቸው ናቸው፤ መልእክት ልልክለት ነው፣ ቃል የምትመርጪው አንቺ ነሽና እይልኝ አሉኝ። መልእክቱ አጭር ነው። «በእጥፍ ቀደምከኝ። ትናንት ተናደድኩ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል።»

ምንም የሚታረም ነገር የለውም አልኳቸው።

«የለውም?» አሉ። ድንቹን ለሁለት ገምሰው ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ፤ በልቼ እስክጨርስ ቆመው ጠበቁ። ትኩስ ነበር፣ ምላሴን አቃጠለኝ።  ሊሄዱ ሲሉ «እዚህ ቤት ውስጥ እንደተበለጥኩ የሚያውቅ ሰው የለም መሰለኝ» አሉ። «ሰው ብቻውን ሲበለጥ ደስ አይልም።»

ስለ ሌላ ነገር ይሆናል ያሉት። ጡረታ ሲቀርብ ሰው እንዲህ እንዲህ ይላል።

ኦክቶበር 27፣ ሰኞ

ድንጋይ ሊቆም ነው። በተቋሙ በር፣ ከጥዱ ሥር፣ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ። «በሴኮንድ አንድ ግዮንግ። ዶክተር ጉክ ሀክሱ» ተብሎ ይቀረጻል። የሚመረቀው የዶክተሩ የጡረታ ዕለት፣ ሚኒስትሩ ባሉበት ነው። ለአቶ ታክ በጥግ በኩል እናስተካክላለን ያለውን አስታወስኩት። «ድንጋዩም እኮ ጥግ ላይ ነው የሚቆመው» አለኝ።

ጨርቅ ዝናብ ሲመታው ይለቃል። ድንጋይ ግን አይለቅም። ከውሸት ቁጥር ሥር የእኔ ስም ሳይሆን የእሳቸው ስም ነው የሚቀመጠው።

ዶክተር ጉክ ድንጋዩን አልፈልግም ብለዋል። ዳይሬክተሩ ሳቁ። ሦስት ጊዜ እምቢ ሳይል ክብር የተቀበለ ሰው እኛ ዘንድ ሆዳም ነው፤ ይሄ የመጀመሪያው እምቢታ ተብሎ ተቆጠረላቸው።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሦስተኛ እምቢታቸውን ተናገሩ። ዳይሬክተሩ «እንግዲህ ሦስት ሞላ» ብለው ድንጋዩን አዘዙ።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

አራተኛ ጊዜ እምቢ አሉ። አራተኛ ጊዜ እምቢ ለሚል ሰው የተሠራ ወግ ስለሌለ ማንም ምንም አላደረገም።

አሳንሰር ውስጥ ሁለት መሐንዲሶች ከፊቴ ቆመዋል። አንዱ፣ ሽማግሌው ለምን እምቢ እንዳሉ ሰማህ ይላል፤ የልጅ ልጆቼ ዜሮ መቁጠር ሲማሩ ያፍሩብኛል አሉ። ሌላው ምን ማለት ነው አለ። «እኔ እንጃ፣ ትሕትና ነዋ።»

ስድስተኛው ፎቅ ላይ ወረድኩ። የእኔ ሰባተኛው ነው።

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

እንቅልፍ የለም። ልጻፈው እንግዲህ፣ ደብተሩ የእኔ ነው።

ዶክተር ጉክ ያውቃሉ። ስኳር ድንቹን ይዘው የመጡ ጊዜም ያውቁ ነበር። ያንን አጭር መልእክት ያሳዩኝ ቃል እንዳርምላቸው አይደለም። እኔው ራሴ እንድናገር በር ከፍተውልኝ ቆመው ጠበቁኝ፣ እኔ ድንቼን በላሁ። ራሳቸው ለጋዜጣ ቢናገሩ ኖሮ ያቺ የጻፈችው ልጅ ትባረር ነበር፤ ስለዚህ የሚችሉትን ብቻ አደረጉ፣ እምቢ አሉ። እኔ ለእሳቸው ብዬ ዝም አልኩ እያልኩ ስጽፍ፣ ዝም ያሉት እሳቸው ለእኔ ብለው ኖሯል።

አፍሬያለሁ። ሌላ ቃል የለውም።

ሰኞ ለዳይሬክተሩ እነግራለሁ።

ኖቬምበር 10፣ ሰኞ

የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ምን ጉዳይ ነው አለችኝ። ስለ ዜሮ ነው አልኳት። ስለ ምን? ምንም አይደለም አልኳት።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

ድንጋይ ጠራቢው ከቦርዮንግ ደወለ። አቶ ታክ ስላልነበረ ስልኩ ወደ እኔ ዞረ። ነገ ፊደሉን ሊጀምር ነው፤ ድንጋይ ላጲስ የለውምና በቃል አንብቢልኝ አለ። ልማዱ ነው። ከዚህ በፊት የሰው ስም የተበላሸበት ድንጋይ አሁን ግቢው ውስጥ መቀመጫ ሆኗል።

የዶክተሩን ስም አነበብኩለት። ቀኑን አነበብኩለት። ቁጥሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እናቴ ቀጥ ብላ መቀመጧ ትዝ አለኝ። የተቀደደው ካልሲም ትዝ አለኝ።

«አንድ ሺህ ጆ» አልኩ።

«እኔ ጋ ያለው ወረቀት ግዮንግ ይላል።»

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ።»

 የሆነ ነገር ሲያላምጥ ይሰማኛል። «ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ፊደሉ ይጨምራል እንጂ ድንጋዩ ይበቃል።»



ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

ዛሬ አገር አቀፉ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። ተፈታኞቹ እንዳይረበሹ በፈተናው ሰዓት አውሮፕላን ሳይቀር መሬት ላይ ይቆያል። ለአቶ ታክ አልነገርኩትም፤ ጸጥታ ላለማደፍረስ ነው። በአንዲት ዜሮ የተሳሳተ ልጅ ዛሬ አንድ ዓመት ይቃጠልበታል።

ኖቬምበር 21፣ ዓርብ

ድንጋዩ ተመረቀ፤ የተሸፈነበት ጨርቅ ወረደ። ሚኒስትሩ ከወረቀታቸው ላይ «አንድ ግዮንግ» ብለው ገና ጣታቸውን ሳያወርዱ ዞር ሲሉ ድንጋዩን አዩ። «አንድ ሺህ ጆ» ብለው አነበቡ። ቆም አሉ። ከዚያ «ሺህ!» ብለው ጣታቸውን ዳግመኛ ቀሰሩ። ጭብጨባው ከመጀመሪያው በለጠ። ሺህ ከአንድ እንደሚበልጥ የማያውቅ ማን አለ።

አቶ ታክ አላጨበጨበም። ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ድንጋዩን አየ።

የዶክተር ጉክ ተራ ደረሰ። ንግግር አላዘጋጁም። መነጽራቸውን ጠርገው ወደ ድንጋዩ ተጠጉና ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበቡ። «ልክ ነው» አሉ። «አንድ ሺህ ጆ ነው። ጃፓኖቹ ሁለት ሺህ ላይ ናቸው፤ ቀድመውናል። እኔ ደክሞኛል፣ እናንተ ቀጥሉ።» ሰው ትሕትና መስሎት እንደገና አጨበጨበ።

ሲወጡ አጠገቤ ቆም አሉ። «የዚያን ዕለት ቤተ ሙከራው ውስጥ ብትቀሰቅሺኝ ኖሮ እቆጣሽ ነበር» አሉኝ። ከዚያ የሚስታቸውን ክንድ ይዘው ወደ መኪናቸው ሄዱ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይሄኛው የደስታ እንደሆነ አውቃለሁ።

ኖቬምበር 24፣ ሰኞ

ከመጡት ጋዜጠኞች ሁሉ ዜሮዎቹን የቆጠረው አንድ ብቻ ነው። ደወለ። ድንጋዩና መግለጫው አይገጥሙም፤ የትኛው ነው ትክክል አለ። አቶ ታክ ከማዶ ጠረጴዛ ጣቱን እያወዛወዘ አይሆንም ይለኛል።

«ድንጋዩ» አልኩት።

መግለጫውን ማን ጻፈው አለ። እኔ ነኝ፣ ኦክ ሀሪም፣ አልኩትና ስሜን ፊደል በፊደል አስያዝኩት።

ለአስተማሪዋም ጻፍኩላት፤ አሥራ አምስት ዜሮ ነው፣ ስላዘገየሁሽ ይቅርታ። ልጆቹ መጠበቅ ታክቷቸው አሥራ ስድስት ጽፈው ነበር። መጨረሻዋን ዜሮ ላለማጥፋት ጨረር ጨምረው ፀሐይ አደረጓት ብላ ፎቶ ላከችልኝ።

ኖቬምበር 26፣ ረቡዕ

ማረሚያው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ጥቂት መስመር ነው፤ ከጠፋ ውሻ ማስታወቂያ በላይ። ከምሳ በፊት አገሩ «በጃፓን ተበለጥን» ብሎ ተናደደ። ከምሳ በኋላ ሚኒስትሩ ጃፓንን የሚቀድም ፕሮጀክት አወጁ። አመሻሽ ላይ ሰው የሚያወራው ስለ ውሻው ነበር። ውሻው ተገኝቷል።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተዛውሬያለሁ። አቶ ታክ ሲነግረኝ ዓይኔን አላየም፤ ለራስሽ ብዬ ነበር እኮ አለ። እኔ አመሰገንኩት፣ በአንቱታ። መዛወሩን እፈራው ነበር፤ ሲመጣ ግን ከስኳር ድንቹ አልባሰም።

የቀረችኝ እናቴ ናት። ጋዜጣ አታነብም።

ኖቬምበር 29፣ ቅዳሜ። ግዌሳን

ለብርዱ ወራት የሚቆየውን ኪምቺ፣ በጨውና በበርበሬ የተለወሰውን ጎመን፣ የምንሠራበት ጊዜ ነው። ጨርቁ አሁንም አለ፤ አንድ ጫፉ ተፈቶ ይንጠለጠላል።

ጎረቤቶቹ ሳይመጡ፣ በጨው ያደረውን ጥቅል ጎመን ከእናቴ ጋር ቁጢጥ ብለን ስናጥብ ነገርኳት። በመጀመሪያ ኢንተርኔቱን የሠሩት ዶክተር ጉክ የሚባሉ ሽማግሌ እንደሆኑ፤ ቀጥሎ የእኔን ድርሻ፣ መጻፉን፣ በእሱም እንደተሳሳትኩ፣ ከዚያም እንዳወቅሁና ዝም እንዳልኩ። ውሃው እጅ ይቆርጣል።

«ሺህ ጆና አንድ ግዮንግ የቱ ይበልጣል?» አለች።

«ግዮንግ።»

«ታዲያ ማን ቀነሰው?»

«እኔ።»

«ማን አስገደደሽ?»

«ማንም።»

ፊቷ ስልክ ላይ እንደሚደርቀው ደረቀ። ጎመኑን ጨምቃ ወንፊቱ ላይ ደፋችው፣ ሌላ አነሣች፣ እሱንም ጨመቀች። «ለአባትሽ ነግሬዋለሁ እኮ» አለች በመጨረሻ። «ጮክ ብዬ።»

 በእነዚህ ወራት ሁሉ ከዚህች ቃል በላይ ያመመኝ የለም።

ተነሣች። ከነጎማ ጓንቷ፣ ከነቦት ጫማዋ፣ የወጥ ቤቱን መቀስ ይዛ መሰላሉን አሸከመችኝና ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረድን። እኔ መሰላሉን ያዝኩ፣ እሷ ወጥታ ገመዱን ቆረጠች። አቶ ዮም ከቤታቸው ብቅ ብለው ምን ሆናችሁ አሉ።

«የጎመን መሸፈኛ አጠረኝ» አለች እናቴ ከላይ ሆና።

«ሌላ ላሰቅልላት እንዴ?»

«ስታገባ።»

ጨርቁን አስፋልቱ ላይ ዘረጋችው። ተንበርክካ፣ በሰማያዊ የተጻፈውን ስሜን ብቻ ዙሪያውን ቆርጣ አወጣችው፤ አቧራውን አራግፋ፣ አጣጥፋ፣ ከሹራቧ ሥር ከተተችው። ግዮንጉ ያለበትን የቀረውን ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝ።

ጎመኑን በእሱ ሸፈንነው። ስሜ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ስለሆነ በዚያ በኩል ጎመኑ ይታያል፤ እናቴ ሳህን ደፋችበት። ሴቶቹ መጡ፣ በርበሬው ተበጠበጠ፣ ስለ ጨርቁ ማንም አልጠየቀም። እናቴ በዕለቱ መጀመሪያ የተለወሰችውን የጎመን ቅጠል ጠቅልላ በእጇ አጎረሰችኝ። ያቃጥላል።

ሴቶቹ ሲሄዱ ጓንቷን አውልቃ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። «ነገ ጠዋት አባትሽ ጋ እንሄዳለን» አለች። «የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ጮክ ብለሽ ንገሪው፤ ጆሮው ይከብዳል።»